መግለጫው ባዶ መሆን አይችልም

ሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛ ነኝ። አለቃዬ አባቴ ነው። ከዚህ የባሰ አለቃ ያለው እጁን ያውጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤታችን ትምህርቱን በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ሊያወጣ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ደግሞ ጠርጎ፣ አወጀ። «ጉሮሮ» የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ውስጥ ግን ለማንም አንቱታ የለም። ዝናቡ ሳያባራ የኦንላይን ኮርሱን ያላስረከበ መምህር ክፍሉን ለሌላ መምህር ያስረክባል ነው ያለው። አባዬ እዚያው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራል። ክፍሉን ሊረከብ አንገቱን እንደ ሰጎን ያሰገገ አንድ ወጣት መምህር አለ፤ «ተጠባባቂ» ብዬዋለሁ። ሊገባ ሜዳው ዳር እንደሚፍታታ ኳስ ተጫዋች፣ አባዬ በሚያስተምርበት ክፍል በር ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ከእራት በኋላ አባዬ ጠራኝና ሥዕሎቹን የምትሠሪው አንቺ ነሽ አለኝ። ድሮ እሱ ራሱ ልብን ከነደም ሥሯ በአንድ ትንፋሽ ሰሌዳ ላይ ያወጣት ነበር። ዘንድሮ ግን ጠመኔ አፍንጫዬን ያሳክከኛል ብሎ ተማሪ ጠርቶ ያሠራል። ሽማግሌ ሲሰንፍ በሽታ አያጣም።

ረቡዕ፣ በዕረፍት ሰዓት

አባዬ የመጽሐፉን ሥዕል ፎቶ አንስተን እንለጥፈው ሲል «ኬብል» ሳቀበት። ኬብል የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ላይ የተሰካ። የተማሪው ስልክ ርካሽ ነው፣ ፎቶ ይከብደዋል፣ ሲከፈት ይንቀረፈፋል፣ ሲጎላ ይፈራርሳል አለ። ኤስቪጂ ይሁን አለ። በእሱ አነጋገር ኤስቪጂ ሥዕል ሳይሆን የሥዕል ትእዛዝ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ነው፦ ከዚህ ተነሥ፣ እዚያ ድረስ ሂድ፣ ታጠፍ፣ ቀይ ቀባ። ስልኩ ትእዛዙን አንብቦ ሥዕሉን እዚያው ያወጣዋል። የጉንዳን ያህል ብታሳንሰው፣ የግድግዳ ያህል ብታተልቀው መስመሩ ያው ነው። አይደበዝዝም።

አባዬ «በጭራሽ አይደበዝዝም?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። ከረሜላ እንደተሰጠው ልጅ ደስ አለው። ሲወጣ የበሩን መቃን በትከሻው ገጨው። መቃኑን ይቅርታ ጠየቀው።

ደወል።

ዓርብ ማታ

ልብን ጨረስኩ። አባዬ ወንበሩን ስቦ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ለጠፈ። አጉዪው አለ። አጎላሁት። አሁንም አጉዪው። የግራው ክፍል ብቻውን ስክሪኑን ሞላው፤ ልብ መሆኑ ቀርቶ ቀይ መጋረጃ መሰለ።

«ይኸው ደበዘዘ» አለ።

«አይደበዝዝም አባዬ፣ ኤስቪጂ ነው እኮ። መደብዘዝ አይችልም።»

«ታዲያ...» አለና ተወው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየ፤ ምንም አልነበረበትም። ከዚያ ጥሩ ነው ቀጥዪ ብሎኝ ተነሣ።

መነጽሩን ቢቀይር ምናለ ብዬ ለእማዬ ነገርኳት። ሳህን ታጥብ ነበር፤ ዞርም አላለች። አባትሽን ተዪው አለችኝ። ያልያዝኩትን እንዴት ነው የምተወው?

ሥዕሉን ልጭን ስል ደግሞ ሲስተሙ አሻፈረኝ አለ። ቀይ ጽሑፍ፦ «መግለጫው ባዶ መሆን አይችልም።» ለኬብል ደወልኩ። ኤስቪጂው ውስጥ የመግለጫ ቦታ አለ፣ ለማያዩ ተማሪዎች ነው፣ ስልካቸው ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል አለኝ። ዐይን ላለው ሰው አይታይም፣ የሆነ ነገር ሙዪበትና እለፊ አለኝ።

የሆነ ነገር ሞላሁበት፦ «ይህ ልብ ነው። አራት ክፍል አለው። የዳይሬክተራችን ግን ባለ አንድ ክፍል ነው፤ እሱንም አከራይቶታል።»

ሲስተሙ ተቀበለኝ፤ አመሰገነኝም።

ሰኞ

አባዬ ዛሬ ክፍል ውስጥ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አብርቶ «አጉሉት፣ አጉሉት» ሲል ዋለ። በመጨረሻ የሚታየው አንድ መስመር ብቻ ሆነ። እኔም ከኋላ ወንበር «አጉሊ» አልኩት። እንደ አጉሊ መነጽር። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግቢው ሁሉ አጉሊ ይለው ጀመር። በስም አወጣጥ ለዘመድ አላዳላም።

ስም ሲጠራ ከወረቀቱ ቀና ብሎ ነው የሚጠራው። ሁላችንንም በቃሉ ይዞናል። ጉረኛ።

ሐሙስ

ሳንባ። ጥርስ። ጨጓራ። ፈተና ነገ። ምንም አላጠናሁም። ጨጓራው ላይ ስለ ተጠባባቂ ጻፍኩ፦ «ባዶ ሲሆን ራሱን ይበላል፤ የሰው ወንበር ሲያይ ምራቁን ይውጣል።»

እሑድ

የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት ለአባዬ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ እሱ ነጥቡን ይነግረኛል፤ እጽፋለሁ። ለአንቺው ነው፣ ከሰው ስህተት ትማሪያለሽ ይላል። እኔ ከሰው ስህተት የተማርኩት የሰው ጅልነት ወሰን እንደሌለው ነው።

ኩላሊትንም ሦስቴ አስደገመኝ። ተናደድኩና ጻፍኩበት፦ «ኩላሊት ሁለት ናት። አባቴ አጉዪ አጉዪ እያለ ሦስተኛ ሳያስወልዳት አይቀርም።»

እማዬና አባዬ መኝታ ቤት ይነጋገራሉ። ግድግዳችን ቀጭን ነው፤ እኔ አልሰለልኩም፣ ግድግዳው ነው የሰለለ። እማዬ ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው ወይ አለች። አባዬ፦ «ኮርሱ ይለቅ ብቻ። ኮርሱ ካለቀ ሰሌዳውም መጽሐፉም አያስፈልገኝም፤ ሥዕሉ እዚያው አለ፣ ድምፄ ይበቃኛል። ማንም ሳያውቅ ጡረታዬ ድረስ እሄድበታለሁ።»

ድምፄ ይበቃኛል? ዘፋኝ ሊሆን ነው እንዴ?

ማክሰኞ

ሻይ ሲቀዳ ጠረጴዛው ላይ ቀዳው። እማዬ ጨርቅ አመጣች። ጨርቁን ከየት እንዳመጣችው አላየሁም፤ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ከዚያ ብቻውን ሳቀ። ምን ያስቅሃል ስለው «ኩላሊት» አለኝ። ኩላሊት ምኗ ያስቃል? ጭራሽ ጀመረው መሰለኝ።

ቅዳሜ ማታ

ተናድጃለሁ። ዛሬ የጓደኛዬ ልደት ነበር፤ ሁሉም ሄደዋል። እኔ ዐይን ስሠራ ነው የዋልኩት። የመጨረሻው ትምህርት ዐይን ነው፤ አባዬ ከሌሎቹ ሁሉ በዚህኛው ነው የባሰበት። የዐይኑን የፊት መስኮት ተዪው፣ ነርቩን በደንብ አሳዪ ይላል። ከዐይን ኋላ ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ማለቱ ነው። «ሽቦው ከተቃጠለ አምፖሉን ብትወለውዪው ዋጋ የለውም፤ ተማሪው ይህን ይወቅ» አለ። አወፈርኩት። አሁንም አወፍሪው። ቢጫ አድርጊው። ቢጫ ነው አባዬ። አዎ፣ ቢጫ ነው አለ።

በኋላ አልቋል አልኩት። አላለቀም አለ። «ዐይኔን ግንባር ያርገው ጨርሻለሁ!» ብዬ ማልኩ። ወጥ ቤት አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። እማዬ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። እንዲህ ያለ መሐላ እዚህ ቤት ሁለተኛ አልሰማም አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስምልበት የኖርኩት መሐላ ነው። ራስዋ ናት ያስተማረችኝ።

ሲስተሙ እንደ ልማዱ መግለጫ ጠየቀኝ። ጻፍኩለት፦ «ይህ ዐይን ነው። የመምህራችን ግን ለጌጥ የተቀመጠ ነው፤ ይህ ስንት ጣት ነው ብትሉት በግምት ይመልሳል።»

«ላክ» የሚለውን ስጫን ጣቴ ትንሽ ዘገየ። ኢንተርኔቱ ነው የዘገየው።

ረቡዕ

«ራዳር» አጠመደችኝ። ራዳር የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ አታይም፤ በሦስት ወንበር ርቀት የተንሾካሾኩትን ግን ቃል በቃል ትመልስልሻለች። ስሙን ሳወጣላት ወዳው ተቀብላኛለች። ዛሬ ማዳመጫዋን ሰክታ ኮርሱን እየሰማች በመካከሉ ፈንድታ ሳቀች፤ መምህሯ ከክፍል አስወጣቻት። ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዘችና ስለ ዳይሬክተሩ ልብ የጻፍኩትን አንድም ቃል ሳይቀር በቃሏ ወጣችው።

«ዐይን ላለው ሰው አይታይም ተብዬ ነው» አልኳት።

«እና እኛ ሰው አይደለንም?» አለች። እየሳቀች ነው ያለችው፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ለካ ስጽፍ የሚሰማ ሰው አለ ብዬ አንድ ቀንም አላሰብኩም። «ስሚ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የኔ ግን ዘመዴ ነው። ጉሮሮ ቅዳሜ ኮርሱን አዳራሽ ውስጥ ለወላጆችና ለእንግዶች ሊያሳየው ነው። ልብን፣ ጥርስን፣ ጨጓራን ሰምቻለሁ፤ ያልሰማሁት ካለም ሁሉንም ለውጪ።»

ልሄድ ስል አባትሽ ደህና ነው ወይ አለችኝ። ምን ይሆናል አልኳት። በምሳ ሰዓት እኔ ጋ እየመጣ ስልኩን ጮክ ብሎ ማስነበብ አስተምሪኝ ይለኛል፣ ጎበዝ ተማሪ ወጥቶታል አለች።

ለኮርሱ ነው። እናንተ እንዴት እንደምትሰሙት ለማወቅ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ለእሷም እንደዚያው ነገርኳት። «እሺ» አለች። እሺ ስትል የማታምን ሰው ድምፅ አላት።

ሐሙስ

የጉሮሮን ቀየርኩ። የተጠባባቂን ቀየርኩ። ጥርሱ ላይ ስለ ኬብል የጻፍኩትንም። ከትምህርት ቤት የሚያስባርሩኝን ሁሉ ቀየርኩ። አባዬ ላይ የጻፍኳቸው ሁለቱ ቀርተዋል፤ ኩላሊትና ዐይን። ደክሞኛል። አባዬ አያባርረኝም። ነገ።

ዓርብ

ነገ ብዬ ነበር። ሒሳብ ፈተና። ረሳሁት።

ቅዳሜ

የአዳራሹን ነገር መጻፍ አለብኝ። ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ያድራል።

ወላጆች ሞልተዋል። ፊት ለፊት ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡ ሦስት እንግዶች። እኔና ኬብል መድረኩ ጎን መጋረጃ ውስጥ ነን፤ እሱ ሽቦ ይይዛል፣ እኔ እሱን እይዛለሁ። አባዬ ሰማያዊ ኮቱን ለብሶ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ትናንት ማታ የፕሮግራሙን ወረቀት እማዬን አስነብቦ አስነብቦ፣ እስኪሰለቸኝ ሰምቼዋለሁ።

ጉሮሮ ጉሮሮውን ጠረገ። የእኛ ኮርስ በደካማ ስልክም ይከፈታል፣ ሲጎላም አይደበዝዝም፣ ከሁሉ በላይ ግን የማያዩ ልጆቻችንንም አይጥልም አለ። በሕይወቱ አንድም ኤስቪጂ ከፍቶ አያውቅም። ራዳርን መድረክ ላይ አወጣት፤ ስልኳ ከድምፅ ማጉያው ጋር ተያያዘ። ከእንግዶቹ አንዷን ሥዕል ይምረጡ አላት።

ልብ በይ አልኩ በልቤ። ልብን በደንብ ጽፌዋለሁ።

«ዐይን» አለች ሴትዮዋ። ለራዳር አዝናም ይሁን አስባ አላውቅም።

እጄ ሽቦውን ለመንቀል ተዘረጋ። ኬብል እጄን መታኝ። ከዚያ ያ የማሽን ድምፅ፣ ሳይቸኩል፣ ሳያፍር፣ አዳራሹን ሞላው። ለጌጥ የተቀመጠ ነው አለ። በግምት ይመልሳል አለ።

ሰው ሳቀ። ራዳር ግን በስልኳ ላይ እንዳጎነበሰች ደረቀች። አባዬም ሳቀ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው እሱ ይመስለኛል።

ጉሮሮ ፊቱ ቀላ። የተማሪ ቀልድ ነው፣ ይቅርታ፣ እንዲያውም መምህሩ ራሳቸው የሚቀጥለውን ፕሮግራም ያነቡልናል ብሎ ወረቀቱን ሰጠው። ክፋት አልነበረበትም፤ ማስተባበሉ ነበር። አባዬ ተነሣ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ከፍ አደረገው፣ ማንበብ ጀመረ። አንድም ቃል አልሳተም። የእንግዶቹን ማዕረግ፣ የሽልማቱን ቅደም ተከተል፣ ነጠላ ሰረዙ ላይ እንኳ ትንፋሽ ወሰደ። እንደ ሬዲዮ።

ፊት ለፊት አባቱ ጉልበት ላይ የተቀመጠ ሕፃን ነው የተናገረው።

«ገልብጦ ነው የያዘው።»

አባዬ ያንን ዐረፍተ ነገር ጨረሰ። ከዚያ ቆመ። ወረቀቱን አላዞረውም፤ ወደየት እንደሚያዞረው አያውቅማ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ራዳር ብቻ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ፊቷን እያዞረች «ምን ሆነ? ለምን ዝም አላችሁ?» አለች። ማንም አልነገራትም።

እኔም አልነገርኳትም።

ሰኞ

ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

ማክሰኞ

ጉሮሮ አባዬን ጠርቶ ለጤናዎ ሲባል ይረፉ አለው። ክፍሉን ተጠባባቂ ይዞታል። አባዬ ኮርሱን ሠርቼ አስረክቤ የለም ወይ፣ በድምፄ ላስተምር ሲል፣ ኮርሱማ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፣ እናመሰግናለን ተባለ። ይህን ሁሉ እማዬ ለእህቷ በስልክ ስትነግራት ነው የሰማሁት። ለእኔ የነገረኝ የለም።

እማዬ አጠገቤ ልብስ ስታጣጥፍ ነበር። ቀና ሳትል «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለች። ተረቱን ለእኔ ይሁን ለሸሚዙ አልለየልኝም። ሸሚዙ የአባዬ ነው፤ ማስተማሪያው።

ሐሙስ

የፈራኋቸውን ሁሉ ቀየርኩ። ያልፈራሁትን ተውኩት። ይህን ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ ሰረዝኩት፤ አሁንም ያው ነው።

ግቢ ውስጥ አጉሊ የሚለው የለም። ዝም ብለው ያዩኛል። ቢሰድቡኝ መልስ አላጣም ነበር።

እሑድ

አባዬ ጠራኝ። ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጧል፤ ስክሪኑ ጠፍቷል፣ ማዳመጫው ጆሮው ላይ ነው። ለካ ስክሪኑ አያስፈልገውም። ነይ የዐይኑን መግለጫ እናስተካክለው፣ ልጆቹ ነገ ይደርሱበታል አለ። ያንተ ልጆች አይደሉም እኮ ልለው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴን ያዝኩት።

እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍኩ። ከፊት ጥርት ያለ መስኮት፤ ከኋላው ብርሃኑን የሚሰበስብ ሌንስ፤ ከበስተኋላ ሥዕሉ የሚያርፍበት ስስ ግድግዳ፤ ከዚያ ወደ አንጎል የሚወስደው ነርቭ፣ በቢጫ። እየሰማሁት ዐይኔን ጨፈንኩ። ታየኝ። ስሠራው ያልታየኝ ያን ጊዜ ታየኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰማው? የጻፍኩትን» አልኩት።

«ከልቡ ጀምሮ። ሥራሽን በምን የማርመው መስሎሽ ነበር?» ትንሽ ፈገግ አለ። «የኩላሊቱ ጥሩ ነው።»

«የዐይኑንስ? ለምን ለውጪው አላልከኝም?»

ማዳመጫውን አወለቀ። ወደ እኔ ዞረ፤ ከእኔ ትንሽ ወደ ግራ።

«ስህተት የለበትማ። እኔ የማርመው ስህተት ነው።»

ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ሻይ ልቀዳልህ ብዬ ተነሣሁ። ወጥ ቤት ጨርቁ ከመሳቢያው ጫፍ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ እጅ በቀላሉ የሚያገኘው ቦታ። ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ።

ረቡዕ

ዝናቡ አባራ። ኬብል አስጠራኝ። ኮርሱ ፊት ገጽ ላይ የነበረው የአባዬ ፎቶ ተነሥቶ የተጠባባቂ ገብቷል፤ መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ መደገፊያው የተላጠው የአባዬ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ። አሁን ደግሞ ሲስተሙ ቀይ ጽፎ ቆሟል፦ መግለጫው ባዶ መሆን አይችልም። አንቺ ትችይበታለሽ፣ በትክክል የሚታየውን ብቻ ጻፊ፣ ቀልድ እንዳትጽፊ አለኝ ኬብል።

ቀልድ አልጻፍኩም። በትክክል የሚታየውን ጻፍኩ፦

«ይህ የአባቴ ወንበር ነው። ሰው ተቀምጦበታል።»

ሲስተሙ ተቀበለው። ዐይን ያላቸው ሁሉ አያዩትም። ራዳር ትሰማዋለች። አባዬም ይሰማዋል፤ ስህተት ካለበት ያርመኛል።